የሻለቃ ሥዩም እግር

ሻለቃ ሥዩም ከነገሌ ተዛውረው ሊሄዱ ነው። የመኮንኖች ክበብን የሙዚቃ መሣሪያ ለኛ ለከተማው ልጆች ያዋሱን እሳቸው ናቸው። ታዲያ በሽኝታቸው ቀን አንድ የድሮ የፈረንጅ ሮክ እንድንጫወትላቸው ካሴታቸውን ሰጡንና «ከሆነላችሁ መሣሪያው እናንተ ጋ እንዲቆይ አዝዤ እሄዳለሁ፤ ካበላሻችሁት ግን መጋዘን ይገባል» አሉ። እዚያ መጋዘን የገባ ጊታር አይጥ ይወልድበታል እንጂ ተመልሶ አይወጣም።

ዘፈኑ የሰው ሥራ አይደለም። ከበሮው የደነበረ ግመል ነው። ጊታሩ ስድስት ጣት ይፈልጋል፤ እኔ መቼም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ስድስተኛውን በልምምድ ብዛት አብቅያለሁ። ዘፋኛችን እስከዳር እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ሸመደደችው። መሀል ላይ ደግሞ ዘፈኑ ጉድጓድ እንዳየ ሰው ድንገት ይዘላል። ያቺን ዝላይ እስኪለምዳት ከበሮ መቺያችን ሞሉ ሊያብድ ነበር።

የሽኝቱ ዕለት ከሰዓት ስንለማመድ የሞያሌው ሹፌር ሀምዛ አይሱዙውን አቁሞ በበር ብቅ አለ።

«አካም፣ አቡሽ! ምነው መሀሉን ዋጣችሁት?»

«የቱን መሀል?»

መኪናው ውስጥ አስገብቶ የራሱን ካሴት ከፈተልን። እኛ የምንዘልበት ቦታ ላይ ፈረንጁ ጊታሩን ያስለቅሰዋል፣ እንደገና ያስለቅሰዋል፣ አይጨርስም። ለካ የሻለቃ ካሴት ተበጥሶ የተቀጠለ ነው!

ከመኪናው ዘለን ወረድን።

«እንደለመድነው እንዝለላ» አለ ሞሉ።

«ሻለቃ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የሚሰሙትን ዘፈን?» አለች እስከዳር። «ቆርጣችሁ በላችሁብኝ ቢሉስ?»

«ዝም በሉ፤ እኔ እሞላዋለሁ» አልኩ። በምን እንደምሞላው እግዜር ይወቅ።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። የፈሰሰኝ ላብ የዱብሉቅን ግመሎች አጠጥቶ ይተርፍ ነበር። ሻለቃ ከፊት ተቀምጠው በእግራቸው ወለሉን ይመታሉ። ዝላይዋ ጋ ደረስን። አልዘለልኩም፤ ያገኘሁትን ክር ሁሉ መነካካት ጀመርኩ።

ቀና ስል የሻለቃ እግር አየር ላይ ቀርቷል።

አይወርድም። ፊታቸው ጠቆረ። የመጋዘኑ ጠባቂ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ሲያንቃጭል ሰማሁት። ሞሉ ዱላውን ሰቅሎ «ምን ልሁን?» በሚል ዓይን ያየኛል። እግራቸው አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። ምን እየጠበቁ ነው? ያኔ ገባኝ፤ ዝላይዋን ነው የሚጠብቁት!

«ዝለሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘለልን። እግራቸው ጧ ብሎ አረፈ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ መድረኩ መጡ።

«አቡሽ!»

«አቤት ሻለቃ።»

«መሀል ላይ የሌለ ነገር ከየት አምጥተህ ጨመርክበት?»

«እጄ አምልጦኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሁለተኛ እንዳትለምድ። ሌላው ቁርጥ ካሴቱን ነው» አሉና ወደ ጠባቂው ዞሩ። «መሣሪያው እዚሁ ይቆይ።» ሀምዛ ከኋላ ሳቁን በሽርጡ አፍኖ እንባው ይወርዳል።

ዛሬ ነገሌ ውስጥ ያ ዘፈን ሙሉው ሲከፈት ሰው ሁሉ «ካሴቱ ተበላሽቷል!» ብሎ ይጮሃል። ሀምዛም ሰልችቶት የራሱን ቆርጦ በጥፍር ቀለም ቀጥሎታል አሉ።