ወፍራሙ ጎማ አልመለስ ሲል

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህቺን ቀን ስትጠብቅ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እግዜርን ስትለምን የኖረችው ለጤናም ለትዳርም አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሟ አንድ ቀን ተቀጥራ በምትሸጥበት በዚህ የቧንቧ ዕቃ መደብር በር እንዲገባላት ነው። ገባላት! ያውም ብቻውን አይደለም። ከፊቱ ስሟ የጠፋባት የዚያች ጀልባ ካፒቴን፣ በትከሻው ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ጎማ።

ጎማው ከጀልባዋ መጸዳጃ ቤት ወደ ፍሳሽ ታንከሩ የሚወርደው ነው። ያን ታንከር የገጠመችው እሷ ነበረች፣ በአባታቸው ወርክሾፕ። ወር ሳይሞላው ጀልባዋ ገማች። ካፒቴኑ እየጮሁ ሲመጡ ወንድሟ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እህቴ ናት የሠራችው፤ እጇ ይሸታል» አለ። ሳቁባት። አባቷ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደቡ በሙሉ «ግማቷ» ይላት ጀመር፤ መፍቻ የሚያስይዛት ጠፋ። እሷ ግን ሽታ የማያሳልፈውን ወፍራሙን ጎማ በገዛ እጇ እንዳስገባች ታውቃለች።

ካፒቴኑ ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ግማቱ አልለቀቀንም፤ በይ ይህን የመሰለ አዲስ ስጪን። መግጠሙን ወንድምሽ ይገጥመዋል።»

አሮጌውን ጎማ በጣቷ ጫን አለችው። ስስ! የንጹህ ውሃ ጎማ! ለሻይ ከተጣደው ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ቀድታ ጨርቅ ነከረች፣ ጎማውን ከውጭ በኩል ጥርግ አደረገችና ጨርቁን ለካፒቴኑ ዘረጋች።

«እስቲ ያሽትቱት።»

አሸተቱ። ወዲያው አፍንጫቸውን ይዘው ወደኋላ አሉ።

«ሽታው በጎማው ሰርጎ እየወጣ ነው። እኔ ያስገባሁት ይሄን አልነበረም።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ወንድሟ። «ምስክር አላት?»

በቧንቧ ብረት አናቱን ብትለው ደስ ባላት። ዋጥ አደረገችው። ወፍራሙን ጎማ፣ ጎማው የሚሰካበት አንድ ጎሚቶ፣ ማጥበቂያ የሚሆኑ ሁለት ፋሸታዎች አምጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረች።

«ይሁን ጋሼ። የኔ እጅ ይሸታል፤ አንተ ጎሚቶው ላይ አስገባልን።»

ገፋ። አጎበጠ። በጉልበቱ ተጫነው። ጎማው አምልጦ አገጩን ሲለው ዕቃ ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እሰይ! እሷ አልሳቀችም፤ እያንዳንዷን የላብ ጠብታ በዓይኗ ትከተል ነበር።

«ይሄ የተረገመ!» ብሎ ጮኸ። «ያኔም ሌላ ቧንቧ ላሳልፍ ፈትቼው፣ አልመለስ ብሎኝ ነው አውጥቼ የጣልኩት!»

ያለውን የሰማው ከሁሉ በኋላ እሱ ራሱ ነው። ካፒቴኑ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ አባባ እንዳይሰማ።»

ልጅ ሳለች በጀርባው አዝሏት ይሮጥ ነበር። ልትራራለት ስትል የያኔው የወርክሾፑ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። የጎማውን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋ ትንሽ ቆየችና አወጣችው፤ ለስልሶ በአንድ ግፊት ጎሚቶው ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱን ፋሸታዎች አጠበቀች።

«አጥፍቻለሁ ልጄ» አሉ ካፒቴኑ። «ነገ ጀልባዋ ላይ መጥተሽ አንቺው ግጠሚልኝ።»

«አልመጣም። ጀልባዋን አባቴ ወርክሾፕ ያምጡልኝ፤ ሠራተኞቹ በሙሉ ባሉበት እገጥማለሁ። መፍቻ የሚያቀብለኝ ወንድሜ ነው። ለምን እንደሆነም ለአባባ ራሱ ይነግረዋል።»

«እንዳልሽ» አሉ ካፒቴኑ።

ወንድሟ ባንኮኒው ላይ ያገኘውን ጨርቅ አንስቶ የእጁን ላብ ጠረገ። ካፒቴኑ ያሸተቱት ያው ጨርቅ ነበር። እሷ ሳሙና ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«እጅህን ታጠብ ጋሼ» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ይሸታል።»