«ያዘ?»

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። ጠባሳ የሌለበት ጣት የለውም፤ መርፌ ሲያይ ደግሞ እግሩ ይከዳዋል። ስባሪ መዳፉን ሲሰነጥቀው «ጨርቅ አቀብሉኝ» ብሎ ሥራውን የሚቀጥል ሰው፣ ለክትባት ሲጠራ ከነወንበሩ ይወድቃል። የሥራ ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሚስቱ ብቻ አትስቅም። እሱ የፈራውን መርፌ እሷ ስምንት ሳምንት ሙሉ ስትወጋለት ቆይታለች።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ከአራት ዓመት በፊት ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ የምርመራውን ውጤት ነገራቸው። የእሷ ሁሉ ነገር ደህና ነው። የእሱ ዘር ግን ቁጥሩም አንሷል፣ እንቅስቃሴውም ደክሟል። ተስፋ የለም አላለም፤ መድኃኒት አለ፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል አለ። መስታወት ቆራጩ ሚስቱን ይዞ ቤቱ ደረሰ። በሩን ሲከፍት «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አላት። ሚስቱ ጫማዋን እያወለቀች «እሺ» አለች። አንዲት እሺ ናት፤ ግን አራት ዓመት ተቀመጠች።

ሰው ጠይቆ መልስ ካጣ የመሰለውን ይወስዳል። እናቱ የመሰላት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው የሴቲቱ ሆድ ነው። እናቱ በየእሁዱ ከሩቅ ትደውላለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ አውርታ አውርታ በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «እ... ያዘ?» ትላለች። ፅንስ ማለቷ ነው። ያቺ አንዲት ቃል ለእሱ የሳምንቱ ክፉ ሰዓት ነበረች። «ገና ነው እማዬ» ይላል። «ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች?» «ትሄዳለች።» ውሸት አልተናገረም፤ እውነትም አልተናገረም።

ባለፈው ዓመት ግን እናቱ «ልጄ፣ ዕድሜ አይጠብቅም፤ ሌላም አስብ» ስትል ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ሚስቱ ካልሲ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን አላቆመችም። መናገር በነበረበት ሰዓት ምላሱን ዋጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ወሬ አለ፣ ጨዋታ የለም። ማታ ማታ ጀርባዋን ሰጥታው ስትተኛ ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ የእሷን ሆድ ምን እንደሚለው ግን ጠይቋት አያውቅም።

ወደ ባለመርፌዋ የመራችው እሷ ናት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትተኩስ ነው የምትውለው፤ ስለ ሴትዮዋ የሰማችው ከአንዲት ደንበኛ ነው። ባለመርፌዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከአንድ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን መርፌዎች እጅ፣ እግርና ሆድ ላይ ይተክላሉ፤ አኩፓንክቸር የሚሉት የቻይና ሕክምና ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረዋቸዋል። «እኔ ልጅ አልሰጥም። ሐኪማችሁን አትተዉ፣ መድኃኒት አታቋርጡ። የኔ ሥራ ሰውነት እንዲያርፍ፣ ጭንቀት እንዲቀል ማገዝ ነው፤ ለሴትም ለወንድም» አሉ።

«ለወንድም» ሲሉ መስታወት ቆራጩ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ይህን አይታ «እኔ ልቅደም፤ ካላመመኝ ትከተለኛለህ» አለችው። ትኩስ ወተት ለልጅ ቀምሰው እንደሚሰጡት ማለት ነው። ስምንት ሳምንት ቀመሰችለት። እሱ በየሳምንቱ እስከ ደረጃው ያደርሳትና ታች መንገድ ዳር ቆሞ የሱቆቹን መስታወት ሲመረምር ይጠብቃታል።

በዘጠነኛው ሳምንት ዝናብ አሳደደውና ወደ ላይ ወጣ። የመጠበቂያ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል መግቢያ ላይ በበር ፋንታ መጋረጃ። ሌላ ሰው አልነበረም። የጃኬቱን ውሃ እያራገፈ ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ የባለመርፌዋ ድምፅ ተሰማ።

«ያዘ?»

ከዚያ ሚስቱ፣ ከሰማው ዓመት ባለፈው ለስላሳ ድምፅ፣ «ያዘ» አለች።

«በደንብ?»

«በደንብ ይዟል።»

ብልህ ሰው ቢሆን ቆይቶ ይጠይቅ ነበር። ይህ ግን ያቺን ቃል አራት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ስልኩን አወጣ፤ ጣቱ እርጥብ ስለነበር ቁጥሩን ሁለቴ ሳተ። እናቱ ስታነሳ «እማዬ፣ ያዘ» አላትና ሌላ ቃል ሳይጨምር እንባው ቀደመው። እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቷን በመስኮት ጠርታ ነገረቻት። በልቤ ሳማት ነበር፣ ይቅር ትበለኝ አለች፤ ምን ብትበላ ይሻላታል ብለህ ጠይቅልኝ አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሚስቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅጌዋን እያወረደች ስትወጣ ብድግ ብሎ አቀፋት። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ ሁሉንም እንደሰማ ነገራት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ክንዱን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። መርፌው ቦታውን ሲያገኝ ይከብዳል፣ ውስጥ ውስጡን ይጎትታል፤ ባለመርፌዋም ያንን ነው በየመርፌው የሚጠይቁት። የያዘው መርፌው ነው።

ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየችና «ለማን ነገርክ?» አለችው። መልሱን ከፊቱ ላይ አነበበችው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ደውልላትና አልያዘም በላት። ችግሩ ከሚስቴ ነው በላት፤ እናትህ እንደሆነች ለምዳዋለች።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። መስታወት ቆራጩ መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ደወለ። በስህተት ነው፣ አልያዘም አላት። እናቱ ረጅም ትንፋሽ ወጣትና «እኔኮ ጠርጥሬ ነበር፤ ይህቺ ልጅ...» ብላ ስትጀምር አቋረጣት።

«እማዬ፣ ችግሩ የኔ ነው። ከመጀመሪያም የኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም። አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ስልኩ ተዘጋ። ወደ ሚስቱ ዞረ። እውነቱን ለመናገር፣ ተነስታ ታቅፈኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን የግድግዳውን ሰዓት ነበር የምታየው።

«አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብህም» አለችው።

ባለመርፌዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቀጥሎ የሚገባ ሰው እንዳለ ጠየቁ። መስታወት ቆራጩ ጃኬቱን አውልቆ ገባ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ዐይኑን ጨፈነ። ሁለት እግሩ ላይ፣ እጆቹ ላይ፣ ሆዱ ላይ ተከሉበት። የወባ ትንኝ ያህል እንኳ አላመመውም። ስምንት ሳምንት የሸሸው ለዚህ ነበር። ባለመርፌዋ እንዳይንቀሳቀስ አስጠንቅቀውት ወጡ።

ጥቂት ቆይቶ ውጭ የሚስቱ ስልክ ጮኸ።

«አቤት እማማ» አለች። ከዚያ የሚሰማው የእሷ ግማሽ ብቻ ነበር። አዎ፣ አውቅ ነበር አለች። አይ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ አልቀየምኩዎትም አለች። አላስገደደኝም፤ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ አለች። ቀጥሎ ረጅም ጊዜ ስታዳምጥ ቆየች። እንደገና ስትናገር ድምጿ ተሰብሯል።

«አጠገቤ ነበር፣ እሱን አልክድም። ግን እማማ፣ በጣም ብቻዬን ነበርኩ።»

መስታወት ቆራጩ ሊነሳ ቃጣ። እጁን ሲያንቀሳቅስ መርፌው ውስጥ ውስጡን ጎተተው፤ ተመልሶ ተኛ። ውጭ ከባለመርፌዋ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወራ ሰማ። ወረቀት ተገለጠ። ከዚያ የውጭው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ ጣሪያውን እያየ እንባው ወደ ጆሮው ሲወርድ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

ሲወጣ ሦስቱም ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ባለመርፌዋ የቀጠሮ ደብተራቸውን ዘርግተዋል። በሚመጡት ሳምንታት ሁሉ ላይ የሚስቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል።

«የኔን ይሰርዙልኝ፣ ድሮም እኔ አያስፈልገኝም ነበር አለች» አሉት። «የአንተን ግን እንድጽፍልህ ነግራኛለች።»

«ወዴት ሄደች?»

«አልነገረችኝም፣ ልጄ።»

ዝናቡ አባርቷል። ባለመርፌዋ እስክሪብቶ አንስተው በስንት ሰዓት እንደሚመቸው ጠየቁት። መስታወት ቆራጩ የተሰረዙትን መስመሮች ቁልቁል አየ።

«በእሷ ሰዓት ያድርጉልኝ» አለ።

ባለመርፌዋም ከተሰረዘው መስመር በላይ ስሙን ጻፉለት።