የሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

"ሠላሳ አንድ። የሞተ ሰው ያናግርሻል?" ዘአማኑኤል ከቅጹ ቀና ሳይል አነበበ።

"አዎ፣ እናቴ" አለች አዚዛ።

ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ያላያትን ሴት አሁን አያት። "በየስንት ጊዜው?"

"በሕልሜ ነው እንጂ። ሐሙስ ከመጣችብኝ ዓርብ ለሠፈር ልጆች ተምር እሰጥላታለሁ። እኛ ሶማሌዎች እንዲህ ነን። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ።" "አዎ" የሚለውን አከበበ። ቅጹ ላይ ሕልም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ቀጣዩን አነበበ፦ "ሰዎች የሚከታተሉኝ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ምንድነው? በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ መታወቂያ አምጪ ተባልኩ። አንዴ ቃሊቲ፣ አንዴ እዚሁ በራችሁ ላይ።"

"አዎ ወይስ አይደለም?"

"አዎ በለዋ!"

"የሚመጣው ዓመት ከዘንድሮ ይሻላል።"

"አላህ ያውቃል።"

ይህ መልስም የራሱ ነጥብ ነበረው፤ "ተስፋ መቁረጥ" ከሚለው ሥር ገባ።

እታገኝ ከጎን ባለው ጠረጴዛ ታዳምጣለች። አቃቂ ያለው የልብስ ፋብሪካ ስደተኞችን መቅጠር ሲጀምር "አእምሯቸው ይመርመር" ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ዘአማኑኤልን ከነቅጹ ያመጣውም እሱ። ቅጹ ባሕር ማዶ፣ ለሌላ አገር ሰዎች የተሠራ ነው። ዘአማኑኤል የጨመረበት ነገር ቢኖር በአንድ ሳምንት የተሠራ ትርጉምና የራሱ ድርጅት ማኅተም ነው። እታገኝ በአስተዳደር ክፍሉ በሥነ ልቦና የተመረቀች ብቸኛዋ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ያለ እሷ ፊርማ ውጤቱ አይጸድቅም።

አዚዛ ውጪ እንድትጠብቅ ተነገራት። በስፌት ፈተናው ከአሥራ አራት አመልካቾች አንደኛ ወጥታለች። ይህ ሥራ ካመለጣት ግን ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያ ጣቢያ መመለሷ ነው።

ዘአማኑኤል ደምሮ ጨረሰ። "ቅዠት፣ ጥርጣሬ፣ ተስፋ መቁረጥ። ሦስቱም ከፍተኛ። እትዬ እታገኝ፣ ለዚች እንኳን ማሽን መርፌም አይሰጣት።"

"መታወቂያ የጠየቃት የእኛው ዘበኛ ነው። እሱም ቅዠት ነው?"

"ቁጥር አይዋሽም።"

"ትናንት ምሳ ላይ 'በቃኝ፣ በቃኝ' እያልክ ሦስት ጉርሻ ዋጥክ። ቅጹ ላይ 'ዋሽቼ አላውቅም' የሚለው ጋ አንተ ምን ትሞላለህ?"

ሳቀ። "እሱማ ባህል ነው!"

"የእሷስ?"

"የእሷ ምልክት ነው።"

ሲናገር አላፈረም። የት ተምረህ ነው ልትለው ፈለገች፤ እሷ ከተማረችበት ክፍል መሆኑ ትዝ ሲላት ተወችው።

"ይፈርሙልኝ እንጂ፤ ሥራ አስኪያጁ ከምሳ በፊት ይፈልገዋል። እርስዎ ዛሬ እምቢ ካሉ ነገ 'እሷስ ጤነኛ ናት ወይ?' ማለቱ አይቀርም" አላት፣ የሚመክራት መስሎት።

እታገኝ ባዶ ቅጽ ሳበች። ስም፦ እታገኝ ጉተማ። የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት። ሠላሳውን ጥያቄ ዘልላ ሠላሳ አንደኛው ላይ ደረሰች። እስክሪብቶውን ትንሽ ያዝ አደረገችና "አዎ" የሚለውን አከበበች። ከሥሩ ፈረመች። የአዚዛ ወረቀት ላይ ግን አልፈረመችም፤ የራሷን በላዩ ደርባ ወደ እሱ ገፋችው።

"ሁለቱን አብረህ አስገባቸው" አለችው።

ተነሥታ በሩን ከፈተች።

"አዚዛ፣ ነይ ማሽንሽን ላሳይሽ።"