ዘበኛዬን እልካለሁ

ወንዱ የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ቤት ገዝቶ ሦስቱንም ቆልፏል። ከሐይቁ በላይ ያለው አሮጌው ሰፈራችን መኪና የማይገባበት፣ ሰው ግን የማይጠፋበት ነበር። አሁን ከቀትር በኋላ ብታልፉበት የሚያያችሁ ቁልፍ ብቻ ነው። ደላሎቹ «ታሪካዊ መንደር፣ የሐይቅ እይታ ያለው፣ ጸጥ ያለ» እያሉ ይሸጡታል። ጸጥ ያሰኙት እነሱ!

አራተኛው እኔ የምኖርበት ቤት ነው። መምህርነት ከተቀጠርኩ ጀምሮ እማማ አሰገደች የጓሮውን ክፍል አከራይተውኝ አብረን ኖረናል። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው እድላዊት ደሴ ልትወስዳቸው ወሰነች፤ ቤቱም ሊሸጥ ሆነ። ከመምህራን ቁጠባ ማኅበር ተበድሬ ልግዛው አልኩ። ወንዱ የበለጠ ሰጠ። እሱ ከወሰደው መውጣቴ ነው፤ በዚህ ሰፈር የሚከራይ ሌላ ክፍል የለም፣ ያለውን ቆልፎታል።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ከወንዱ ቀብድ ሊቀበሉ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። የቅሬው፣ የሰፈራችን እድር፣ ዳኛ ሸህ ሐቢብም መጥተው ነበር። በቅሬያችን ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሬሳ ያነሣል፤ ቤት ሲሸጥም የቤቱ ግዴታ ወደ ገዢው ያልፋል።

«ወንዱ» አሉት፣ «የአሰገደችን ቤት ስትወስድ ቅሬዋንም ትወስዳለህ። ለቅሶ ሲለፈፍ ከዚህ ቤት ማን ይወጣልናል?»

«ችግር የለም፤ የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ እከፍላለሁ።»

«መዋጮ አልጠየቅሁህም። ቃሬዛውን ማን ይሸከማል?»

«ዘበኛዬን እልካለሁ።»

«ወላሂ፣ ባለፈው ጠርተነው፣ በሩን ትቼ ከወጣሁ ያባርረኛል አለን እኮ!»

ግቢው ሳቀ። እኔ ግን አልቻልኩም።

«ሦስት ቤት ወስደህ አንድ ሰው አላመጣህም!» አልኩት። «ይሄ ሰፈር ነው ወይስ መጋዘን?»

«መምህርት፣ ቅናት አገር አያለማም። የእንግዳ ማረፊያ ሠርቼ ለሰፈሩ ስም አመጣለታለሁ።»

«ስምማ ካንተ በፊትም ነበረው!»

«ፋና፣ ብትጮኺ ብርሽ አይጨምርም» አለችኝ እድላዊት። እውነቷን ነው፤ አልጨመረም።

እማማ አሰገደች ወደ ሸህ ሐቢብ ዞሩ። «አሻግሬን ማን ተሸከመው?» አሉ ድንገት። ባላቸው የሞቱት በክረምት፣ ያ ዳገት እግር በማያስቆምበት ጊዜ ነው።

«እኔ፣ ሰዑድ፣ ዝናው» አሉ ሸህ ሐቢብ። «እስከ ደብሩ በር።»

«ዝናው ቤቱን ለማን ሸጠ?»

«ለሱ።»

«ሰዑድስ?»

«ለሱው።»

«እኔም የምቀበረው ከአሻግሬ ጎን ነው። ከደሴ እስከ ታች መንገድ መኪና ያመጣኛል። ከዚያስ?»

«ሰው እንቀጥራለን እማማ» አለ ወንዱ።

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን? በቀን ሠራተኛ? ብርህን ይዘህ ውጣልኝ! ለፋና ነው የምሸጠው።»

እድላዊት ብድግ አለች። «የአባቴ ድርሻ አለበት እማዬ። በሷ ዋጋ አልፈርምም።»

ሕጉ ከእድላዊት ጋር ነው። የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝና አውቀዋለሁ፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ወራሽን የሚጠብቅ አንቀጽ አለ፣ ገዢን የሚጠብቅ አለ። ቤት በቤት እየቆለፈ ሰፈር የሚገድለውን ሰው አንድም አንቀጽ አይነካውም። እንዲያውም በስብሰባ ላይ «አልሚ» ተብሎ ፊት ወንበር ይሰጠዋል።

«እንግዲያው አልሸጥም» አሉ እማማ። «ደሴም አልሄድም።»

«እዚህ ማን ያይሻል እማዬ?»

«እስከዛሬ ማን ሲያየኝ ኖረ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጥርስሽን ክደኚ። ያው ተከራይ ነሽ።»

እድላዊት እያለቀሰች ለደሴ የታሰረውን የእናቷን ሻንጣ መፍታት ጀመረች። ወንዱ ሲወጣ አጠገቤ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንም አይደል፤ እሳቸው ሲያርፉ ልጅቷ ትሸጥልኛለች። አልቸኩልም» አለኝ።

«አንሞትልህም!» ብዬ ጮህኩበት።

«አቦ፣ እንዲህ አይባልም፤ አላህ ይሰማሻል» ብለው ሳቁ ሸህ ሐቢብ።

እኔ አልሳቅኩም። የአሮጊት ሞት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግራና ቀኝ ጎረቤቴ ነው፤ ያውም በካርታ፣ በማኅተም፣ በሕግ።