የሦስቱ በሬዎች ርቀት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ምንም ሳይነካ፣ የቡ በምትባለው ከተማ ዳር ያለው የኦቦ ሙሀጅር የቡና መሬት እንዲህ ነበር፦ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ሁለት የድንጋይ ክምሮች፣ ቁመታቸው ከወገብ የማያልፍ፤ ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል 41 ሜትር ከ80 ሳንቲም። በስተምዕራብ ወንዝ። በስተምሥራቅ ለጥ ያለ መሬትና ያረጁ የቡና ዛፎች። ሌላ ምንም የለም።

ቀያሿ ያለምወርቅ ይህን ሁሉ በማስታወሻዋ አሰፈረች። ድንጋዩ ለመንገድ ሥራ ተፈልጓል፤ ሐሙስ ጠዋት ሎደር ይመጣል። ከዚያ በፊት እሷ ወይ "የእርሻ ድንጋይ ነው" ብላ መፈረም፣ ወይ አለመሆኑን ማሳየት አለባት። ከደብረ ብርሃን ወደ ጅማ ከተዛወረች ገና ሰባት ወሯ ነው።

"የአባ ቆሮ ነው፣ የድሮ ገዥያችን" አሏት ኦቦ ሙሀጅር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። "አያቴ እዚህ ሲደርስ ጫማውን ያወልቅ ነበር።"

እሷም የስፍራውን ስም እንደ ሰማችው "የአባ ቆሮ ማሳ" ብላ ጻፈች። ለማሳ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ግን ገርሟት ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

ከሰዓት በኋላ ጅማ ተመልሳ መዝገብ ቤት ገባች። ሠራተኛው ፋሂም ስለዚያ ስፍራ ያለውን ብቸኛ ወረቀት አቧራውን አራግፎ ሰጣት። በ1948 ዓ.ም. ከእጅ ጽሑፍ በታይፕ የተገለበጠ ነው፦ "የአባ ቆሮ ማሳ። በሬዎቹ ሦስት፣ በአንድ መስመር። ከአንዱ እስከ አንዱ ሰማንያ አራት ክንድ።"

"ሦስት በሬ" አለ ፋሂም። "ሁለቱ ይጠመዳሉ፣ ሦስተኛው አለቃ ነው። እንደኛ ቢሮ።"

"በሬ በክንድ ተለክቶ ይቆማል እንዴ?"

"ተኳርፈው ይሆናላ።"

ያለምወርቅ አልሳቀችም፤ ስታሰላ ነበር። ክንዱን ግማሽ ሜትር ብላ ብትይዘው ሰማንያ አራቱ 42 ሜትር ይሆናል። ጠዋት ከለካችው የሚለየው በሃያ ሳንቲም ነው።

"ፋሂም፣ 'በሬዎቹ' የሚለውን 'በሮቹ' ብለህ አንብበው እስቲ።"

አነበበው። "ማሳ ደግሞ በር ምን ያደርግለታል?"

ጥያቄውን በማስታወሻዋ ጻፈችው።

ረቡዕ በማለዳ በሚኒባስ የቡ ደረሰች። "ኦቦ ሙሀጅር፣ የአባ ቆሮ ማሳ በር ነበረው?"

"ምኑ?"

"ማሳው።"

"ማሳ ማን አለሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? ማሳራ ነው ያልኩሽ። ማሳራ፣ ገዥ የሚኖርበት ግቢ። እንግዳ ሦስት በር አልፎ ነው የሚገባው። እኔ የገዥ ግቢ ስልሽ አንቺ ጎመን ተከልሽበት።"

ማስታወሻዋን ገልጣ አየች። ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ታይፒስት፣ ትናንት ደግሞ እሷ፣ ያችኑ አንዲት "ራ" ጥለዋታል። በእስክሪብቶ መለሰቻት።

ሦስተኛው በር ካለ በምሥራቅ ነው፤ በምዕራብ ወንዙ አያስቆምም። ሜትሩን ከሁለተኛው፣ ከምሥራቁ ክምር መካከል ዘረጋችው። አርባ ሁለት ሜትር ላይ ፍሬ ያንዠረገገ የቡና ዛፍ ቆሟል።

"ይሄ መነቀል አለበት" አለች ቀስ ብላ።

"ከሥሩ ምንም ባይኖርስ?"

"እፈርማለሁ። ድንጋዩም ይሄዳል፣ ቡናዎም በከንቱ ይሄዳል።"

ሽማግሌው የዛፉን ግንድ ትንሽ ዳሰሱት። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው ዶማውን ራሳቸው አነሱ።

ዛፉን እስኪነቅሉ ረፋድ ሆነ። ከዚያ በኋላ እየተፈራረቁ ቆፈሩ። 63 ሳንቲም ሲወርዱ ዶማው ጮኸ። ያለምወርቅ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ጠረገች። ጠፍጣፋ የድንጋይ ደፍ ነው፤ መሐሉ በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል።

ኦቦ ሙሀጅር ጫማቸውን አወለቁ። እሷ ሜትሩን እንደገና ያዘች፣ ሁለት ጊዜም ለካች።

ሎደሩ ሐሙስ በሦስት ሰዓት መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። በቅጹ ላይ ያለምወርቅ የሞላችው የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ ከሁለተኛው በር እስከ ሦስተኛው፣ 41 ሜትር ከ90 ሳንቲም።