የእትዬ ለብታ ድግምት

እሁድ ከሰዓት ልብስ ስፌት ቤቱ ይዘጋና በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ ይጀመራል። የቤቱ ባለቤት የልብስ ሰፊዋ የወንድም ልጅ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ታሪኩን ይተርካል፣ ይዳኛል። ሌሎቹ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አንድ የቦቴ ሹፌርና አንዲት ፋርማሲስት፣ በወረቀት ላይ የፈጠሩትን ጀግና ይዘው ቁጥር ያለበትን ዳይስ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ያንከባልላሉ።

ልብስ ሰፊዋ የምትጫወተው አስማተኛ ሆና ነው። መጀመሪያ ላይ ሌላው እሳትና መብረቅ ሲሻማ፣ እሷ አንድ ስኒ ውሃ የሚያሞቅ ድግምት መረጠች። በብርድ ጣቱ ደንዝዞ መርፌ የሚያመልጠው ሰው ሌላ ምን ይምረጥ! የቦቴ ሹፌሩ ያን ቀን «እትዬ ለብታ» አላት፤ ስሙ በዚያው ጸና። ድግምቱን ቀይሪው ብትባልም ወይ ፍንክች።

ዛሬ የሹፌሩ ጀግና የቀዘቀዘ ኩሬ ሲያቋርጥ በረዶው ተሰብሮ ዋጠው፣ ከላዩም ተመልሶ ገጠመ። የቤቱ ደንብ ጨካኝ ነው፤ የሞተ ጀግና ወረቀቱ ይቀደዳል። ሹፌሩ ደግሞ ያን ወረቀት ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በኪሱ ይዞ ዞሯል። አሁን አንገቱን ደፋ።

የፋርማሲስቷ የእሳት ድግምት አልቋል። የቀረችው እትዬ ለብታ ብቻ ናት።

«ተራሽ ነው እትዬ፤ ትንፋሹ ሊያልቅ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ኩሬውን አሞቃለሁ።»

ፋርማሲስቷ ሳቀች።

«ምን ያስቃል? አስማተኛው በደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው እጥፍ ይሆናል ብሎ የጻፈው ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ደንቡን ገልጦ አየና ራሱን አከከ። ማን ይመርጠዋል ብሎ ለቀልድ የጻፈው ነበር።

«እውነትሽን ነው። ስንተኛ ደረጃ ደረስሽ?»

«ሃያ።»

ፋርማሲስቷ ስልኳን አውጥታ ማባዛት ያዘች። አንድ ስኒ፣ ሁለት፣ አራት... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ስኒዋም ባልዲ ሆነች፣ በርሜል አለፈች። ሹፌሩ ቀና አለ።

«ይሄ እኮ አንድ ቦቴ ሞላ» አለ በቀስታ። ቀጥሎ «ሁለት ቦቴ።» ከዚያ ብድግ ብሎ «አራት ቦቴ!»

«ኩሬህስ ስንት ቦቴ ይይዛል?» አለች እትዬ ለብታ የወንድሟን ልጅ።

ኤሌክትሪሺያኑ በወረቀት የሣለውን ኩሬ አገላብጦ አየው። «ሦስትም አይሞላም። በረዶው ቀለጠ፣ ጀግናው ወጣ። እየተንቀጠቀጠ...»

«ምን ያንቀጠቅጠዋል? በሙቅ ውሃ ገላውን ታጥቦ ነው የወጣው» አለች እትዬ ለብታ።

ሹፌሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ፤ ከደስታው ብዛት እጇን ያዘ።

«ምላሴን ይቁረጠው፣ እትዬ። ለብታ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

«ተወው፣ ስሙን ለምጄዋለሁ» አለች። በድንጋጤ የቀዘቀዘው እጁ ገና አልሞቀም ነበርና ቶሎ አልለቀቀችውም።