ያልፈረመችው ፊርማ

ልብስ ሰፊዋን ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከቤቷ እስከ ምርጫ ጣቢያው ያለው መንገድ ሦስት ቦታ ያሳርፋታል። ቢሆንም በጠዋት ሱቋን ቆልፋ ሄደች። ለአቅመ መምረጥ ከደረሰች ጀምሮ አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም፤ ግብሯንም ቀን አሳልፋ ከፍላ አታውቅም።

ሁለት ሰዓት ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ፣ መዝገብ የያዘችው ልጅ ጣቷን በስሞቹ ላይ እያንሸራተተች ወርዳ አንዱ ላይ ቆመች።

“እናቴ፣ እርስዎ እኮ መርጠዋል።”

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻት፤ ቀለም የነካው አልነበረም። ልጅቷ ግራ ገብቷት መዝገቡን አዞረችላት። ከስሟ ትይዩ ተፈርሟል። ፊርማው የእሷ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ግን ወዲያው አወቀች። የፊደል ጭራ እንደዚያ ሽቅብ የሚቀለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እጁን ይዛ ጽሕፈት ያስተማረችው ታናሽ ወንድሟ። እሱም ሩቅ አልነበረም። የአስመራጭ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። በዚህ ጉልበቷ አትመጣም ብሎ፣ ድምጿም ሜዳ ላይ እንዳይቀር አስቦ እንዳደረገው በሹክሹክታ ነገራት።

“ማንን መረጥክልኝ?”

“ያው እኛ የምንመርጠውን ነዋ፣ እትዬ።”

“እኛ ማን ነን? ማሳደጉን አሳደግኩህ እንጂ ጭንቅላቴን መቼ ሰጠሁህ?”

ሰው እንዳይሰማ ለመናት። ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት፣ የሱቋን ጣሪያ የጠገነላት እሱ መሆኑንም አስታወሳት። እውነቱን ነው። ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነበር፤ ውለታውን አፏ ላይ ሊወትፍባት መሞከሩ።

ትታው ተመለሰች። የጣቢያው ኃላፊ ጉዳዩን ሰምቶ፣ አንድ ድምፅ ምንም እንደማይለውጥ፣ ቤቷ ገብታ ብታርፍ እንደሚሻላት በትህትና መከራት። እሷ ወንበር ስባ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤ ላይ ካልሰፈረ ንቅንቅ እንደማትል ነገረችው። ሰልፈኛው መነጫነጭ ጀመረ፤ አሮጊቷን አንሱልን ያለም ነበር። አንዲት ሴት ግን የራሷስ ስም ተፈርሞበት እንደሆነ ጮክ ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ሌሎቹም መዝገቡን ለማየት ተጠጉ።

ኃላፊው ወረቀት አወጣ። ፈራሚውን ታውቀው እንደሆነ ጠየቃት። ተከትሏት የተመለሰው ወንድሟ አንገቱን ደፍቷል።

“ወንድሜ ነው። ያውና ቆሟል፤ ይጻፉት።”

ባጁን አስወልቀው አስወጡት። ለእሷ በተለየ ፖስታ የሚታሸግ ወረቀት ሰጧት፤ ይቆጠር አይቆጠር የነገራት ግን የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ስትሆን እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ተጭና ምልክት አደረገች። የመረጠችው ያንኑ እሱ የመረጠላትን ነበር። ያም ሆኖ ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባት።

በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ዞራም አላየችው። መንገዱን ተሻግራ፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ቀስ እያለች ሄደች።